ጥቅምትን ሙሉ ባዶ የዋለ ጉበን

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017

ዐዚዛዬ፣

ሳልሰናበትሽ መሄዴን ይቅር በዪኝ። ሹፌሩ ደረጀ ጥሩምባውን ሲነፋ እኔ ገና እናቴ ቤት የግራ እግር ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር። እናቴ በለጡ እንደምታውቂያት ናት፤ «ልጄ ሐረርን የምታስታውሰው ካሜራዋ ሲርበው ነው» ብላ ሸኘችኝ። እውነቷን ነው።

ለአባትሽ ለአባባ ዐብዱልመጂድ አክብሮቴን አድርሺልኝ። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ መቀመጫ እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸው ግን «ለአንድ ወር ምን አላት» ብለው መቀመጫቸውን ለካሜራዬ ለቀው ታችኛው መደብ ላይ ወረዱ። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አላጋጠመኝም።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ መልሱ ይኸው። አዎ፣ ቀረጻው በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ፣ ጥቅምትን ሙሉ። ካሜራው ቅንጣት እንዳይነቃነቅ። በዚያ አንድ ሰዓት የሚገባ ይግባ፣ የሚወጣ ይውጣ፣ ስለ ቀረጻው ግን ማንም ቃል አይተንፍስ። ሰው እንደሚቀረጽ ሲነገረው ፊቱ ይቀየራል፤ ያን ጊዜ ሥራዬ አፈር በላ ማለት ነው። በየአሥር ቀኑ ሚሞሪውን ከደብዳቤ ጋር ለደረጀ ስጪው። በኢንተርኔት ልላክ ካልሽ እስከ ፋሲካም አይደርስ።

ከበሩ በላይ የነበረው ምንጣፍ ግን እንደወረደ ይቆይ። አንድ ግድግዳ ላይ የእናንተን በር አሳያለሁ፤ ትይዩው ግድግዳ ላይ እዚህ አዲስ የተሠራውን የመስታወት ፎቅ በር። ያ በር ሰው ሲጠጋው ለሁሉም እኩል በራሱ ይከፈታል፤ ማንንም አያውቅም። የእናንተ በር ደግሞ የገባውን ሁሉ ያውቃል። ሥነ ሕንፃ ተምሬ የተውኩት ይህንን የሚያስረዳኝ መምህር አጥቼ ነው። ሁለቱ ምስሎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲሟሟ የፎቁ ጉበንና የቤታችሁ ጉበን አንድ መስመር መሆን አለባቸው፤ ጥርት ያለ፣ ባዶ። ከበር በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ «እዚህ ቤት ያልታጨች ልጅ አለች» ማለት መሆኑን ከሐረር ግንብ ውጭ ብወለድም አውቃለሁ። አሁን ማን ቀና ብሎ ያየዋል ብለሽ ነው?

ገሊላ


ሐረር፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017

ሰላም ላንቺ ይሁን ገሊላ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የመጀመሪያው ሚሞሪ ይኸው።

ጎረቤቱ ሁሉ ምን እንደያዘው እንጃ፣ በአሥር ሰዓት ለብሶ ተኳኩሎ ይመጣል። ሕግሽን ግን አክብረዋል፤ አንድም የተነፈሰ የለም። ሕግ ያፈረሰው አባቴ ብቻ ነው። ዕድሜ ልኩን ከውጭ ሲገባ አሚር ነደባ ላይ ማን እንዳለ አይቶ ሰላምታ መስጠት ለምዷል፤ አሁንም ገብቶ ለካሜራሽ «አሰላሙ ዐለይኩም» ይለዋል። መልስ ሲያጣ ጊዜ ትዝ ይለውና አፉን ይይዛል። እሱን ቁረጪው፤ ወይም ተዪው፤ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሱቁ ደህና ነው። መኪና ግርግር መንገድ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ሁሉ ለሰርግ ወቅት እየተጣደፈ ነው፤ ጨርቅ ይሄድልኛል። ትናንት ሐሚዳ መጥታ ወንድሟ ኢሳም ከጅቡቲ ለአንድ ወር እንደሚመጣ ነገረችኝ። ነገሩን እንደ ዋዛ ነው የጣለችው፤ ግን እየነገረችኝ ፊቴን ታይ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምንጣፉን ለአንድ ሳምንት ብቻ ብመልሰው ሥራሽ በጣም ይበላሻል? ራሴ መመለስ እችል ነበር፤ አባቴ ግን «ለልጅቷ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ካልፈቀደች አይነካም» አለኝ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

ዐዚዛ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017

ዐዚዛዬ፣

ምክንያቱን አልጠየቅሁሽም፤ አውቀዋለሁና። ኢሳም አምስት ዓመት ሙሉ በመጣ ቁጥር ሱቅሽ እየገባ የማይሰፋውን ጨርቅ ሲገዛ ኖሮ፣ ዛሬ ምንጣፍ አይቶ ነው የሚወስነው? ቤቱ እኮ የጨርቅ መጋዘን ሆኗል! ሰውየው ከፈለገሽ ሽማግሌውን ይላክ። ካልፈለገሽ ደግሞ አሥር ምንጣፍ ብትደረድሪም አይመጣ።

እለምንሻለሁ፣ አይቻልም። የአንድ ቀን ምስል ከሌላው ከተለየ ወሩ ወር አይሆንም፤ ቁርጥራጭ ይሆናል። ሠላሳ ቀን ያልተለወጠ ጉበን ነው የምፈልገው። የቀረው አሥራ አራት ቀን ነው። አሥራ አራት ቀን ማንን ገደለ?

ደግሞ ደስ ይበልሽ፤ ትልቁ አዳራሽ ተቀበለኝ። መክፈቻው ኅዳር 14 ቅዳሜ ነው። እስከዛሬ የሠራሁትን ሁሉ ሰው ቆሞ ሁለት ደቂቃ አይቶ ነው የሚሄደው። ይሄኛው ግን ቁጭ አድርጎ የሚያሳይ ነው። አውቀዋለሁ።

ከጥቅምት በኋላ ከፈለግሽ ሁለት ምንጣፍ ስቀዪ፤ መሰላሉን እኔ እይዝልሻለሁ።

ገሊላ


ሐረር፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017

ገሊላ፣

ሁለተኛው ሚሞሪ ይኸው። ምንጣፉ አልተነካም።

ከትናንት ወዲያ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መሆኑ ነው፣ የኢሳም አክስት ፋጡማ መጥተው ነበር። አባቴ አልነበረም። ሆጃ አፍልቼ አቀረብኩላቸው፤ ግማሹን ጠጥተው ሄዱ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

የካሜራው ባትሪ ቶሎ እየደከመ ነው። ትልቁን ላኪልኝ።

ዐዚዛ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017

ዐዚዛ! ዐዚዛ!

ባትሪውን ልኬልሻለሁ፤ እሱን ተዪውና ስሚኝ። የአሥራ ዘጠነኛውን ቀን አየሁት። አንዲት ትልቅ ሴት ይገባሉ። ጫማቸውን ያወልቃሉ። ቁጭ ከማለታቸው በፊት ዞር ይሉና ቀና ብለው ከበሩ በላይ ያለውን ባዶ ጉበን ያያሉ። ቆጥሬዋለሁ፣ ስድስት ሰከንድ። ከዚያ ዓይናቸውን አውርደው አንቺን ያያሉ። አንቺ ደግሞ አፍሽን ትከፍቺና መልሰሽ ትዘጊዋለሽ።

መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ ብልሽ አላጋነንኩም። እዚህ የፎቁ ዘበኛ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ መታጠቡን ለማየት ልክ እንደዚሁ ቀና ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ፀጉሬ ቆመ። የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ ስድስት ሰከንድ ማጀቢያ ነው። እኚህ ናቸው ፋጡማ ያልሽኝ? ምን እያዩ ነበር? አንቺስ ምን ልትዪ ነበር? እባክሽ አመስግኚልኝ።

ገሊላ


ሐረር፣ ኅዳር 2 ቀን 2017

ገሊላ፣

ምን እያዩ ነበር ብለሽ ጠየቅሽኝ። እነግርሻለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ አልፈጀውም።

ፋጡማ የመጡት ሊያዩኝ አይደለም፤ ምንጣፉን ሊያዩ ነው። ኢሳም ሽማግሌ ሊልክ ቆርጦ ነበር። የታጨች ልጅ ደጅ ሽማግሌ መስደድ ለሁለቱም ቤት ስድብ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ አንዲት ሴት እንደዋዛ ገብታ ቀና ትላለች። እንዲህ ነው የሚደረገው። እኛ አንቺ እንዳልሽው ማን ያየዋል ብለን ስቀንበታል፤ እነሱ ግን ይሠሩበታል። ቀና ብለው ባዶውን ሲያዩ እኔም አየኋቸው። «ለቪዲዮ ነው ያወረድነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ሁለት ነገር ያዘኝ። አንዱ ያንቺ ሕግ ነው፤ ካሜራው እየሠራ ነበር። ሁለተኛው የራሴ ነው። ሴት ልጅ እንዲያ ብላ ከተናገረች «ውሰዱኝ» ማለቷ ነው። አፌን ዘጋሁ። ወላሂ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ሐሚዳ ባለፈው ሰኞ ሱቅ መጣችና «ዕድለኛው ማነው?» አለችኝ። «ማንም የለም» አልኳት። ሳቀች። የታጨች ሴት ሁሉ «ማንም የለም» ነው የምትለው፤ ስለዚህ የእኔ ቃል ዋጋ የለውም። አባቴም «ልጄ አልታጨችም» ብሎ ሰው ደጅ አይሄድም፤ እኔም እንዲሄድ አልፈቅድም። ምንጣፉን ጥቅምት ባለቀ በማግስቱ መልሰነዋል፤ አሁን የሚያየው ሰው ደግሞ እጮኝነቱ ፈርሶባት ነው ይላል።

ኢሳም ታጭታለች ብሎ አመነና ሽማግሌ መላኩን ተወ። እናቱ ግን ሳያገባ ወደ ጅቡቲ አይመለስም ብላ ድሬዳዋ ሌላ ልጅ አግኝታለች። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት ኅዳር 13፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው።

ገሊላ፣ እወደዋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም። ያወረደው እጅ ያንቺ ነው። ከዓርብ በፊት ነይና ፋጡማ ቤት ቁጭ ብለሽ በአፍሽ ንገሪያቸው። የሩቅ ሰው ስለሆንሽ፣ ክርስቲያን ስለሆንሽ፣ ለእኔ ወገን ሆነሽ አትዋሺም ብለው ያምኑሻል። ስልክ አይሆንም፤ የጋብቻ ነገር በስልክ አይስተካከልም። አንድ ቀን መምጫ፣ አንድ ቀን መመለሻ ነው። በዕድሜዬ ምንም ለምኜሽ አላውቅም።

ዐዚዛ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017

ዐዚዛዬ፣ እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድ በአንድ የእኔ ነው። «ማን ያየዋል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ግን አሁን እንዴት ልምጣ? ፕሮጀክተሮቹ ትናንት ነው የገቡት፤ ሁለቱን ምስሎች መስመር ላይ የሚያስገባ ከእኔ በቀር ሰው የለም። አንድ ጣት ከተዛነፉ ጉበኖቹ አይገጥሙም። ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ቅዳሜን ብቻ ነው የሚያድሩት። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነው ዐዚዛ፤ ሁለተኛ አይሰጠኝም።

ሰኞ ኅዳር 16 ሐረር ነኝ፤ በእናቴ ስም እምልልሻለሁ። እስከዚያው እናቴ ራሷ ወደ ፋጡማ እንድትሄድ ለምኛታለሁ። ሁሉን ነግሬያታለሁ። እሷ ከእኔ ይልቅ ትከበራለች፤ ከእኔም ይልቅ ትታመናለች። ሽማግሌዎቹን ሦስት ቀን ብቻ ያቆዩ። ሦስት ቀን ምንም አይደለም አይደል?

ገሊላ


ሐረር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017

ገሊላ፣

እናትሽ ሄደውልኛል። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወዲህ ባጃጅ በማይገባበት ጠባብ መንገድ በዚያ ጉልበታቸው ግድግዳ እየተደገፉ ደረሱ። እኔ ከሐሚዳ ነው የሰማሁት፤ የሆነውን እንዳለ ልጻፍልሽ።

ፋጡማ በክብር ተቀበሏቸው፤ ከፍ ያለው መደብ ላይ አስቀመጧቸው። እናትሽ ሁሉንም ተናገሩ፤ ካሜራውን፣ ፎቁን፣ ምንጣፉን። ፋጡማ ሳያቋርጡ ሰሙና «ታዲያ ያወረደችው ልጅ የታለች?» አሉ።

«አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች።»

«ዓርብ ሽማግሌ እንደሚሄድ ታውቃለች?»

እናትሽ ውሸት አያውቁም። «ታውቃለች» አሉ።

«እንግዲያ» አሉ ፋጡማ፣ «እንዲህ ያለ ነገር እውነት ቢሆን ሰው ሥራውን ጥሎ በእግሩ ይመጣል። የጓደኛዋ ዕድሜ ልክ አይደለም እንዴ? አልመጣችምና እርስዎን ቸርነትዎ ነው ያመጣዎት፤ ለዐዚዛ ስም ብለው ነው። አልቀየምዎትም።»

ይኸው ነው። እኔንም ሳይሰድቡ፣ እናትሽንም ሳያስቀይሙ በሩን ዘጉት። ትናንት ሽማግሌዎቹ ድሬዳዋ ሄዱ፤ ልጅቷን ሰጧቸው። ኒካሑ ከረመዳን በፊት ነው።

ሰኞ አትምጪ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። አሁን ብትመጪ ቃል የተሰጣት ልጅ ላይ መናገር ይሆናል፤ እሷ ምን አደረገች? አባቴ ምሳውን እየነካ ይተወዋል። ለአንቺ የሰጠውን ቃል ሳያፈርስ ወሩን ሙሉ ያን ጉበን ባዶውን ሲጠብቅልሽ የኖረ እሱ ነው፤ አሁን እኔን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ዛሬ መክፈቻሽ ነው። ሰው ይብዛልሽ።

ዐዚዛ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 10 ቀን 2017

ዐዚዛ፣

ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ ሦስቱንም ደረጀ ሳይከፈቱ መለሰልኝ። ይህንን ደግሞ በእናቴ እጅ ነው የምልከው፤ የእሷን እጅ አትመልሺም ብዬ።

ሰው በዝቶ ነበር። አጨበጨቡልኝ። ያ ስድስት ሰከንድ ሲመጣ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ፤ አንዱ ሽማግሌ ሰዓሊ እጄን ይዘው «ይህንን እንዴት አገኘሽው?» አሉኝ። እጄን አስለቅቄ ወጣሁ።

ሌላም አለ። «አትምጪ» ስትዪኝ እፎይ አልኩ። ይህን አምኖ ለመጻፍ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ከሥራ ጋር አልነበረም ትግሌ፤ ፋጡማ ፊት ቁጭ ብዬ «ስቄበት ነው ያወረድኩት» ማለትን ፈርቼ ነበር። ፕሮጀክተሩን የሚያስተካክል ሰው ይገኝ ነበር ዐዚዛ። ይገኝ ነበር።

ስድስቱን ሰከንድ ልቁረጠው አልኩ። እጄ መቁረጫው ላይ ደረሰና ተውኩት፤ ብቆርጠው እንደገና እውነቱን ማውረዴ ነው። በዚያ ፈንታ ቆርጬ የጣልኩትን መለስኩት፤ የመጀመሪያውን ቀን። ወንበር ላይ ወጥቼ ምንጣፉን ሳወርድ ካሜራው ተከፍቶ ነበር። ፊቴ ይታያል፤ ሳቄም ይሰማል። አሁን ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከረመዳን በኋላ ለሚከበረው ለሸዋል ኢድ ሳምንት ሐረር ውስጥ እንዲታይ ጠይቀውኛል፤ ከግንቡ ውጭ ባለው አዳራሽ። አንቺ ካልፈቀድሽ አይታይም። እኔ አልመጣም፤ አባትሽን ማየት አልችልም።

ገሊላ


ሐረር፣ የካቲት 20 ቀን 2017

ይታይ።

ዐዚዛ


ሐረር፣ መጋቢት 30 ቀን 2017

ገሊላ፣

ማን ማን መጣ፣ እንዴት ነበር ብለሽ በእናትሽ በኩል ጠይቀሻል። ይህን የምጽፈው ስለጠየቅሽ ነው፤ ከዚህ በኋላ ከእኔ ደብዳቤ አትጠብቂ። አልረገምኩሽም፤ አልረግምሽምም። ግን ያንቺን ጽሕፈት ሳይ ያ ጥቅምት ይመለስብኛል፤ እስኪለቀኝ ድረስ ብቻዬን ልሁን።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የእናትሽን ክንድ ይዤ ገባሁ፤ አባቴ ከኋላችን። መሐል ረድፍ ስንደርስ አንዲት አዲስ ሙሽራ ልብሷን ሰብስባ «እዚህ ቦታ አለ፣ ነዪ» አለችኝ። የኢሳም ሚስት ናት። ከማዶዋ እሱ፣ ቀጥሎ ሐሚዳ፣ ቀጥሎ ፋጡማ። ለሸዋል ኢድ ነው የመጡት። ልመለስ አልቻልኩም፤ ተቀመጥኩ።

መብራቱ ጠፋ። አንቺ ወንበር ላይ ቆመሻል። ትስቂያለሽ። ወንበሩን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ ገሊላ፤ ይህንን ረስቼው ነበር። ድምፄ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ «አውርጂው፣ ዘጠኝ ዓመት ሲያሳጣኝ የኖረ ነው» እላለሁ። ከአንቺ ይልቅ የምስቀው እኔ ነኝ። ስንት ወር ሙሉ ያንቺን እጅ ብቻ ስከስ ኖሬ የራሴን አየሁት። ይህን ልትነግሪኝ ስትችዪ በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም፤ ስለዚያ አመሰግንሻለሁ።

ከዚያ ቀኖቹ አለፉ። ፎቁ፣ ቤታችን፣ ፎቁ፣ ቤታችን። አባቴ ለባዶ መቀመጫ ሰላምታ ሲሰጥ ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣ። ሙሽራዋ ደስ ብሏት «አክስታችን! አክስታችን እኮ ናቸው!» እያለች የባሏን ክንድ ጎተተች። ፋጡማ ግድግዳው ላይ ቀና አሉ። እዚህ ወንበሩ ላይ ያሉት ፋጡማ ደግሞ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ጎተቱ። እኔ ግድግዳው ላይ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ኢሳም ስድስቱ ሰከንድ ካለፈ በኋላም ያንኑ ቦታ እያየ ቀረ፤ ሌሎቹን ቀኖች ያየ አይመስለኝም።

መብራቱ ሲበራ ፋጡማ ወደ እኔ መጥተው እጄን ያዙ። ሊናገሩ ፈልገው ሙሽራዋን አዩና ተዉት። እሷ ምንም አልገባትም። ጥሩ ልጅ ናት፤ ልጠላት ሞክሬ አልሆነልኝም። «ቤታችሁ እንዴት ያምራል» አለችኝ።

በሩ ጋ ኢሳም ቆሞ ጠበቀን። አምስት ዓመት ሱቅ ሲመጣ «እህት» ነበር የሚለኝ። «ዐዚዛ» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። ሚስቱ ክንዱን ይዛ እየሳቀች ታየን ነበር።

«መብሩክ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» አልኩትና አባቴን ይዤ ወጣሁ።

ዐዚዛ